ድንቅነሽ ከአዳም በፊት ናት ወይስ በኋላ?

ሰሞኑን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አልቢ ከአንዲት ወዳጃችን ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። አልቢን ለማታውቁ አንባቢያን፣ ከስቶክሆልም መሀል ከተማ ወደ ኖርስቦርይ በሚወስደው ቀዩ የቱነልባና መስመር ከፊትያ ቀጥላ የምትገኝ ሰፈር ናት። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1974 «የሚሊዮን ፕሮግራም» ብላ ከገነባቻቸው የፎቅ መንደሮች አንዷ ስትሆን፣ ዛሬ ከአራቱም ማዕዘን የመጣ ስደተኛ ተጎራብቶ ይኖርባታል። ሁለተኛው ቡና እየተቀዳ ሳለ፣ እዚሁ የተወለደው የ13 ዓመቱ ልጅ ከባዮሎጂ መጽሐፉ ቀና ብሎ ጠየቀ።

«እማዬ፣ ድንቅነሽ የኖረችው ከአዳም በፊት ነው በኋላ?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ወጣትነታቸውን በተማሪው ንቅናቄ ያሳለፉ አንድ አዛውንት ፈገግ ብለው፣ «አዳም የሚባል ሰው አልነበረም ልጄ፣ ተረት ነው» አሉት። ከቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የማትለየው እህታችን ደግሞ ቱግ አለች። «ጋሼ፣ በልጅ ፊት እንዲህ አይባልም! አትስማቸው የኔ ልጅ፣ ይሄ የፈረንጅ ፈጠራ ነው። እኛ ከዝንጀሮ አልመጣንም።» እናትዬው በበኩሏ፣ «በቃ፣ ትምህርትህንም ተማር፣ ጸሎትህንም ጸልይ» ብላ ወደ ረከቦቱ ዞረች። ልጁ ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ስልኩ ተመለሰ። እኛ ግን ጥያቄውን ይዘን ወጣን።

ሁለቱም ቁጥሮች የእኛ ናቸው

ጥያቄው የፈረንጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላስጨነቀን ነበር። በባሕረ ሐሳብ ስንቆጥር ለአዳም ከተገባው ቃል ኪዳን እስከ ክርስቶስ ልደት ያለው 5500 ዘመን ነው። በዚያ ላይ 2018 ዓ.ም.ን ብንደምር 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። በየዓመቱ አዲስ ዓመት ሲገባ በዓላትና አጽዋማት የሚወጡት ከዚህ ቁጥር ተነስቶ ነው። ሃያ ሁለቱ ሥነ ፍጥረትና አክሲማሮስ የአባቶቻችን የትምህርት ገበታ ነበሩ፣ ዛሬም ናቸው።

3.2 ሚሊዮን የሚለውም ቁጥር የእኛው ነው። ድንቅነሽ የተገኘችው አፋር፣ ሐዳር ላይ ነው። ሰላም ዲኪቃ ላይ፣ አርዲ አዋሽ መካከለኛ ሸለቆ ላይ፣ የኦሞ ኪቢሾቹ ቅሪቶች ደግሞ በደቡብ ነው የተገኙት። ሰላምን ያገኛት ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ነው። አርዲንና 160 ሺህ ዓመት ያስቆጠሩትን የሄርቶ ሰዎች ለዓለም ካስተዋወቁት መካከል ብርሃነ አስፋው ይገኝበታል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2016 ለቱሪስት መጥሪያ የመረጠው መፈክርም «ምድረ ቀደምት» ነው። አደባባይ ላይ የሰው ዘር መገኛ ነን እያልን ደረታችንን እንነፋለን፣ ቤታችን ገብተን ግን ልጆቻችንን «ዝም በል» እንላለን። ይህ አቋም አይባልም፣ ሽሽት ነው።

በነገራችን ላይ፣ ሳይንሱ «ሰው ዛሬ ከምናየው ዝንጀሮ ተወለደ» አይልም። የሚለው ሁለቱም ከጥንት የጋራ ቅድመ አያት ተለያይተው መጡ ነው። «ንድፈ ሐሳብ» ማለትም ግምት ማለት አይደለም፣ በማስረጃ የቆመ ማብራሪያ ማለት ነው። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን ታላላቅ የዝግመተ ለውጥ ተመራማሪዎች አንዱ የነበረው ቴዎዶስየስ ዶብዣንስኪ የኦርቶዶክስ አማኝ ነበር። ሰውን ከዝንጀሮ ጋር በአንድ መደብ ያሰፈረው ስዊድናዊው ካርል ፎን ሊኔም የቄስ ልጅና በፈጣሪ የሚያምን ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1735 ይህን ሲያደርግ የዳርዊን መጽሐፍ ሊታተም 124 ዓመት ይቀረው ነበር።

ዳርዊን ከካድሬ ጋር ሲመጣ

ታዲያ ነገሩ እኛ ዘንድ ለምን እንዲህ መረረ? መልሱ ከመጽሐፍ ቅዱስ ይልቅ በታሪካችን ውስጥ ያለ ይመስለናል።

ድንቅነሽ የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። በዋዜማው፣ ኅዳር 14 ሌሊት፣ ደርግ ስድሳዎቹን ረሽኖ ነበር። በአንድ ሳምንት መጨረሻ አፋር ላይ የሰው ልጅ ጥንታዊ አጽም ሲወጣ፣ አዲስ አበባ ላይ የራሳችን ሰዎች ያለ ፍርድ በጅምላ ጉድጓድ ተጣሉ። ከዚያ በኋላ በቀበሌና በመሥሪያ ቤት የውይይት ክበብ «ቁስ አካል ይቀድማል» የተባለው ትምህርት ሲጀመር፣ ለብዙው ሕዝብ ዳርዊን የመጣው ከሳይንቲስት አልነበረም። ጠመንጃ ከታጠቀ ካድሬ ነው የመጣው። ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም ሆኑ የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. በዚያው ሥርዓት ተገደሉ። አያቶቻችን «ዝግመተ ለውጥ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ቢከስክስ ይፈረድባቸዋል?

ከዚያ በፊት የነበረውም ቢሆን ንጹሕ አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ «ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው» በሚለው አባባል ይታወሳሉ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው ሕገ መንግሥታቸው ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ ደንግጓል። ሙስሊሙና ጴንጤው ወገናችን ያንን ዘመን እንዴት እንዳሳለፈው ራሱን መጠየቅ ነው። አንዱ ሥርዓት እመን አለን፣ ሌላው አትመን አለን። ሁለቱም ግን አልጠየቁንም።

እ.ኤ.አ. የ1995ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ለያይቷል። በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖትና ከፖለቲካ ወገንተኝነት ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። ጽሑፉ ያማረ ነው። ይሁን እንጂ ለዓመታት ያገለገለው የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ መጽሐፍ ስለ ሕይወት አጀማመር ሲያስተምር «ልዩ ፍጥረት» የሚለውን እምነት ከሳይንሳዊ መላምቶች ጋር ጎን ለጎን ደርድሮታል። ሁሉንም ለማስደሰት የታሰበ ይመስላል። እኛ ግን እምነትም ሳይንስም የተጎዱ ይመስለናል፤ እምነት ለፈተና የሚሸመደድ መላምት ሆነ፣ ሳይንስም ከብዙ አስተያየቶች አንዱ ሆነ። በአደባባዩስ? በጥር 2015 ዓ.ም. ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከሲኖዶስ ውጭ ሹመት ሲሰጡ ቅዱስ ሲኖዶስ መንግሥትን በጣልቃ ገብነት ከሰሰ፣ ምእመናንም ጥቁር ለበሱ። አንቀጽ 11 ወረቀት ላይ ነበር፣ መሬት ላይ ግን ተፈልጎ ታጣ።

ስዊድንም በአንድ ቀን አልደረሰችበትም

አልቢ የምትገኝበት ኮሙን ቦትሺርካ ይባላል። «ሺርካ» ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው። ስሙ የቅዱስ ቦትቪድ ቤተ ክርስቲያን እንደማለት ነው። በዚሁ ኮሙን፣ አንድ ፌርማታ ብቻ በምትርቀው ፊትያ፣ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ዓርብ ዓርብ ከመስጊዱ አዛን እንዲሰማ ተፈቅዷል፤ በስዊድን የመጀመሪያው ነበር። ይህች አገር እ.ኤ.አ. በ1866 ሚሲዮናውያኗን ወደ ምጽዋ የላከች፣ በ1904 ደግሞ ሴደርክቪስት የተባለው ሚሲዮናዊ አዲስ አበባ የገባባት አገር ናት። መካነ ኢየሱስ ከዚያ ዘር በቅላለች። ስዊድናውያን ግን ሌላ ሃይማኖት ሳይቀበሉ ከቤተ ክርስቲያናቸው መውጣት የቻሉት እ.ኤ.አ. በ1951 በወጣው ሕግ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከመንግሥት የተለየችው ደግሞ በ2000 ነው።

በአሜሪካ ያለው ወገናችን ይህን ክርክር በፍርድ ቤት ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1925 ቴኔሲ ውስጥ መምህር ስኮፕስ ዝግመተ ለውጥን አስተማረ ተብሎ 100 ዶላር ተቀጣ። በ2005 ደግሞ በፔንሲልቬኒያ፣ ዶቨር፣ ዳኛው «በጥበብ የተነደፈ ፍጥረት» የሚለው ትምህርት ሳይንስ አይደለም ብለው ከባዮሎጂ ክፍል አስወጡት። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣችው የትምህርት ሕግ ነገሩን በሌላ መንገድ ይዞታል። በሃይማኖት ድርጅት በሚመራ ትምህርት ቤት ውስጥ እንኳ መደበኛው ትምህርት ከስብከት ነጻ መሆን አለበት። ጸሎትና አምልኮ ከክፍል ውጭ፣ በፈቃደኝነት ብቻ ይካሄዳል። ባዮሎጂ ክፍል ውስጥ ዝግመተ ለውጥ ይሰጣል። በሃይማኖት ዕውቀት ክፍል ደግሞ ክርስትናም እስልምናም ሌሎቹም፣ ተማሪው እመን ሳይባል፣ ይጠናሉ።

ይህ ሲባል እንከን የለም ማለት አይደለም። አማኝ በመሆኑ በክፍል ጓደኞቹ የተሳለቀበት፣ መምህሩም ሰምቶ ዝም ያለው የሐበሻ ልጅ እናውቃለን። ነጻ ትምህርት ማለት በአማኝ ልጅ ላይ ማላገጥ ማለት አይደለም። ወላጅ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥመው «አገራቸው ነው» ብሎ አንገቱን ከሚደፋ፣ ሕጉን ይዞ ትምህርት ቤት ሄዶ ቢጠይቅ መብቱ ነው።

ለልጁ ምን እንበለው?

እኛ የፖለቲካ ስደተኞች ነን። የተሰደድነው በዋነኛነት ሌላው ሰው በእኛ ኅሊና ላይ ጌታ መሆን ስለፈለገ ነው። እንግዲያው መንግሥት የማንንም እምነት እንዳይጭን፣ የማንንም እምነት እንዳይነቅል ቀድመን መጮኽ ያለብን እኛ ነን። ነገ አገራችን ላይ ሥልጣን የሚይዘው «የእኛ ሰው»፣ «የእኛ ሃይማኖት» ቢሆን እንኳ ጩኸታችን ሊቀየር አይገባም። እዚያ ላይ ከተንሸራተትን፣ ከትናንቱ ካድሬና ከትናንት በስቲያው ቤተ መንግሥት በምን እንለያለን?

ይህ ደግሞ ከቡና ገበታችን ይጀምራል። አዛውንቱ «ተረት ነው» ሲሉት፣ እህታችንም «አትስማቸው» ስትለው ሁለቱም የጥያቄውን በር ዘጉበት። ለልጁ የሚገባው መልስ ረዘም ያለ ነው። ትምህርት ቤትህ የአጽሟን ዕድሜ እንዴት እንደተለካ ይንገርህ፣ ያም ዕውቀት ነውና በደንብ ያዘው። ቤተ ክርስቲያንህ ሰው ለምን እንደተፈጠረና ለማን እንደሚጠየቅ ትንገርህ። ሁለቱን ማስታረቅ ካቃተህ መምህሩንም ቄሱንም ጠይቅ። ጠይቀሃልና የሚቆጣህ፣ የሚያስርህ የለም። አያትህ ይህን ዕድል አላገኙም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቡናው እኛ ዘንድ ነው። አዛውንቱንም እህታችንንም ጠርተናል። ልጁም የባዮሎጂ መጽሐፉን ይዞ እንዲመጣ ነግረነዋል።

ቸር ይግጠመን።