ለስፖርት መምህርነት የሚበቃው ማነው? የቅጥር መመዘኛ ክርክር ከቲቲአይ እስከ ፒጂዲቲ

የመምህር ቅጥር ማስታወቂያ በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ የሥራ ፈላጊው ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው «ተፈላጊ ችሎታ» በሚለው ዓምድ ላይ ነው። ለሒሳብ ወይም ለፊዚክስ መምህር ይህ ዓምድ አጭርና ግልጽ ነው። ለሰውነት ማጎልመሻ መምህር ግን ባለፉት ስድሳና ሰባ ዓመታት ደጋግሞ ተለዋውጧል፤ ዛሬም ቅሬታ ሲነሳ የሚነሳው ከዚያው ነው። የዚህ ዳሰሳ ጸሐፊ እምነት አንድ ነው፦ ክርክሩን የሚወልደው የአመልካቹ ችሎታ ማነስ ሳይሆን የመመዘኛው አለመርጋት ነው። በየዘመኑ የወጣ መመዘኛ የቀድሞውን ሳይሽር በላዩ ይደረብና በመጨረሻ ዕዳውን የሚከፍለው ዲግሪውን ይዞ በር ላይ የቆመው ወጣት ይሆናል።

ይህ ዳሰሳ የሚያተኩርበት ሰሜን ሸዋ ለስፖርት ባዕድ አገር አይደለም። ከሮም በባዶ እግሩ ወርቅ ይዞ የተመለሰው አበበ ቢቂላ የተወለደው ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው ጃቶ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማራቶኑን ያሸነፈው የክብር ዘበኛ ወታደር አሠልጣኝ የነበረው ኦኒ ኒስካነን ከስዊድን መጥቶ በአገራችን የሰውነት ማጎልመሻን ሥራ ካደራጁት አንዱ ነው። በዚያ ዘመን ስፖርት ለማስተማር የሚጠየቅ የተለየ ዲፕሎማ አልነበረም ማለት ይቻላል። ለአንደኛ ደረጃ መምህርነት የሚሠለጥነው በመጀመሪያ ከ8ኛ ክፍል በኋላ አራት ዓመት፣ ቀጥሎ ከ10ኛ በኋላ ሁለት ዓመት፣ በኋላ ደግሞ ከ12ኛ በኋላ አንድ ዓመት ነበር። ሠልጣኙ ንባቡንም፣ ስሌቱንም፣ ስፖርቱንም እንዲያስተምር ሆኖ ይወጣል። የደብረ ብርሃን መምህራን ማሠልጠኛ፣ በአገሬው አጠራር ቲቲአይ፣ እንዲህ ዓይነት መምህራንን ለሸዋ ደጋና ቆላ ያፈራ ቤት ነው።

በደርግ ዘመን ሥራው በምደባ ስለነበር በመመዘኛ ጉዳይ የሚሟገት አልነበረም። መንግሥት ያሠለጥናል፣ መንግሥት ይመድባል። ተመራቂው ሊከራከር የሚችለው ስለ ተመደበበት ቦታ እንጂ ስለ ብቃቱ አይደለም። የቅጥር ክርክር የተወለደው ምደባ ቀርቶ ውድድር ሲመጣ ነው።

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደረጃ አበጀ። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ዲፕሎማ፣ ከ9ኛ በላይ ዲግሪ ተጠየቀ። በወረቀት ላይ ግልጽ ነበር። ነገር ግን በመጀመሪያው እርከን ስፖርት ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ አልቀጠለም፤ ከሙዚቃና ከሥዕል ጋር ተጣምሮ «አስቴቲክስ» ተባለ። ስለዚህ ከኮሌጅ የሚወጣው መምህር ማስረጃ ላይ አንዳንዴ የሦስቱ ጥምር፣ አንዳንዴ ስፖርት ብቻውን ይጻፋል። የትምህርት ቤቱ ክፍት መደብ «የሰውነት ማጎልመሻ መምህር» ቢል ጥምሩን የተማረው ይገባል ወይስ አይገባም? መልሱ የተተወው ማስታወቂያውን ለሚያወጣው ባለሙያ ነው። ቆይቶ ሰርተፊኬት ቀርቶ ከ10ኛ ክፍል በኋላ የሦስት ዓመት ዲፕሎማ፣ በተለምዶ «10+3»፣ ለአንደኛ ደረጃ ሁሉ መነሻ ሲሆን የድሮዎቹ የቲቲአይ ምሩቃን በክረምት ትምህርት ራሳቸውን እያሻሻሉ ተከተሉት።

እዚህ ላይ ሁለተኛ ለውጥ ገባ። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል ወረዳዎች በጀትና ቅጥር በእጃቸው ሆነ። ለአስተዳደር ጥሩ ነው፤ ለመመዘኛ አተረጓጎም ግን ፈተና አመጣ። አንድ የስፖርት ምሩቅ ማስረጃውን ደብረ ብርሃን ከተማ ቢያቀርብ «ተዛማጅ ነው» ሊባል፣ ያንኑ ማስረጃ 40 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የአንኮበር ወረዳ መቀመጫ ጎረቤላ ላይ ቢያቀርብ «ቀጥታ አይደለም» ሊባል ይችላል። ሁለቱም መሥሪያ ቤቶች ሕግ አልጣሱም፤ «ተዛማጅ የትምህርት መስክ» የሚለው ሐረግ ለሁለቱም ይበቃል። ጎረቤላ የደረሰ ሰው የአንኮበርን ገደልና ጭጋግ ያውቃል፤ ከቁልቁለቱ ላይ የተቆረጠ የኳስ ሜዳ ለመምህሩ ከዲግሪው እኩል ፈተና ነው። ይህን የሚችል ሰው እያለ በአንድ ቃል ምክንያት መደቡ ባዶ ቢቀር ተማሪው ነው የሚጎዳው።

ትልቁ ግራ መጋባት የመጣው ግን በ2003 ዓ.ም. ነው። በ1995 የተጀመረው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ ዲግሪውን ከአራት ወደ ሦስት ዓመት አሳጥሮ ማስተማርን ከትምህርቱ ጋር አጣምሮ ነበር። በ2003 ይህ ተለወጠ። ተማሪው በመጀመሪያ በትምህርት መስኩ ብቻ ይመረቃል፤ ለሁለተኛ ደረጃ መምህርነት ሲፈለግ ከዲግሪ በኋላ የማስተማር ዲፕሎማ፣ ማለትም ፒጂዲቲ፣ ይወስዳል። ለስፖርት ይህ ከሌሎች ትምህርቶች የበለጠ ከባድ ውጤት ነበረው። የፊዚክስ ምሩቅ የፊዚክስ ምሩቅ ነው፤ የስፖርት ሳይንስ ምሩቅ ግን አሠልጣኝ፣ የስፖርት ጽሕፈት ቤት ባለሙያ፣ የክለብ ሠራተኛ ወይም መምህር ሊሆን ይችላል። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተከፈቱት አንዱ ሆኖ በዚህ መስክ ምሩቃን ሲያወጣ የዞኑ ልጆች ከቤታቸው ሳይርቁ የመማር ዕድል አገኙ። ሲመረቁ ግን ጥያቄው ጠበቃቸው፦ «ስፖርት ሳይንስ» የሚለው ዲግሪ ብቻውን ክፍል ያስገባል ወይስ ፒጂዲቲ ግዴታ ነው? ፒጂዲቲ የሌለው ተቀጥሮ በሥራ ላይ ይወስደዋል ወይስ ከውድድሩ ይወጣል? ከቀድሞው ሥርዓት «ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ» በሚል ስም የተመረቀውና «ስፖርት ሳይንስ» የሚል የያዘው እኩል ይወዳደራሉ? በማስተርስ ደረጃ ደግሞ የእግር ኳስ አሠልጣኝነት፣ የአትሌቲክስ አሠልጣኝነት እየተባለ ስሙ በዝቷል። ማስታወቂያው ከእነዚህ አንዱን ስም ብቻ ሲጽፍ ሌሎቹ በሙሉ ሊቀሩ ይችላሉ።

በዚያው ዘመን መንግሥት የግል ኮሌጆች መምህራን እንዳያሠለጥኑ ከለከለ። ክልከላው የሚመለከተው ወደፊት ያለውን ነው፤ ቀድሞ የተመረቀው ግን ማስረጃው ይጸናል ብሎ ማስረዳት ያለበት ራሱ ሆነ። ከዚያ በኋላ የመምህራንና የትምህርት ቤት አመራር የሙያ ብቃት ምዘናና ፈቃድ መጣ። ምዘናው ራሱ ተገቢ ነው፤ ለልጅ አካል ኃላፊነት የሚወስድ ሰው መመዘን አለበት። ቢሆንም ሰርተፊኬት፣ ዲፕሎማ፣ ዲግሪ፣ ፒጂዲቲና የሙያ ፈቃድ አንዱ በሌላው ላይ ሲደራረቡ የትኛው ለቅጥር፣ የትኛው ለደረጃ ዕድገት እንደሚጠየቅ ተለይቶ ካልተጻፈ አመልካቹ ማን ዘንድ እንደሚጠይቅ እንኳ አያውቅም። በ2010 ዓ.ም. የቀረበው የትምህርት ፍኖተ ካርታ ደግሞ ለአንደኛ ደረጃ መምህርም የመጀመሪያ ዲግሪ ይሁን የሚል ሐሳብ ይዞ መጣ። ሌላ ንብርብር ማለት ነው።

የሕጉ በር የት ነው? የዚህ ጉዳይ እምብርት እዚህ ላይ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም የመዳኘት ሥልጣን ላለው አካል የማቅረብ መብት ለማንኛውም ሰው ሰጥቷል። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጆችም፣ የፌዴራሉ 262/1994፣ 515/1999 እና 1064/2010፣ ክፍት መደብ የሚሞላው ተፈላጊ ችሎታውን አሟልቶ በውድድር በበለጠው እንደሆነ ደንግገዋል፤ ክልሉም የራሱ አዋጅ አለው። ችግሩ በአዋጆቹ የተደነገገው የአስተዳደር ፍርድ ቤት በር የተሠራው ለሠራተኛ መሆኑ ነው። ከሥራ የተሰናበተ፣ ከባድ የዲሲፕሊን ቅጣት የተጣለበት፣ ደመወዙ ያለ አግባብ የተያዘበት ይገባበታል። ገና ያልተቀጠረው አመልካች ሠራተኛ ስላልሆነ በዚያ በር ለመግባት ይቸገራል። በመመዘኛ ምክንያት የተጣለ የስፖርት ምሩቅ የሚቀረው ቀጣሪው መሥሪያ ቤት ዘንድ ቅሬታ ማቅረብ፣ ወደ ሲቪል ሰርቪስ ቁጥጥር መሄድ ወይም ለእንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ነው። እንባ ጠባቂ የአስተዳደር በደልን ይመረምራል፤ ውሳኔው ግን የመፍትሔ ሐሳብ ነው፤ እንደ ፍርድ አያስገድድም።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ጥሩ እርምጃ ነበር። መመሪያ ከመውጣቱ በፊት ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥበት፣ ከወጣ በኋላ እንዲመዘገብ፣ ተጎጂ የሆነ ሰው በፍርድ ቤት እንዲከለስለት ደንግጓል። የተጻፈው ግን ለፌዴራል ተቋማት ነው። መምህር የሚቀጠረው በወረዳ ነው። ስለዚህ ተመራቂውን በቅርብ የሚነካው መመዘኛ ከአዋጁ ጥላ ውጭ ነው የቀረው። በግል ትምህርት ቤት የሚቀጠር መምህር ጉዳይ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሚታይ በመሆኑ ሌላ መንገድ አለው፤ በዚህ ላይ አናተኩርም።

ለአመልካች በሩ በግልጽ የተከፈተበት አንድ ሕግ አለ፤ ብዙዎች አያስታውሱትም። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኛ በመሆኑ ከውድድር የተገለለ ሰው ክስ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል፤ የማስረዳት ሸክሙንም ወደ ቀጣሪው ያዞራል። ለስፖርት መምህርነት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። «ስፖርት ስለሆነ አይሆንም» የሚል ቃል በቀላሉ ይነገራል። ሕጉ ግን ሥራው በባህርዩ የማይፈቅድ መሆኑን እንዲያስረዳ የሚጠይቀው ቀጣሪውን ነው። የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሥራ ትምህርት ማቀድ፣ ልጅን ከጉዳት መጠበቅ፣ ደካማውን ማበረታታት ነው፤ ፈጣኑ ሯጭ መሆን ከዚህ ውስጥ የለበትም።

ከውጭ አገር የሚጠቅመን ምሳሌ ሕንድ ውስጥ በሐርያና ግዛት የተፈጸመው ነው። በ1998 ዓ.ም. ገደማ ለ1,983 የስፖርት መምህራን መደብ ማስታወቂያ ወጣ። ከዚያ የጽሑፍ ፈተናው ቀረ፤ የመምረጫው መስፈርትም በመሐል ተለዋወጠ። በ2002 ቅጥሩ ተፈጸመ፤ ያላለፉት ከሰሱ፤ የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቅጥሩን ሻረ። ክርክሩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. ስረዛው ጸና። ዐሥር ዓመት ገደማ ያስተማሩ ሰዎች ሥራቸውን አጡ፤ ብዙዎቹ ጥፋት የሠሩ አልነበሩም። በግማሽ ጨዋታ ሕጉን የሚቀይር ዳኛ ሁለቱንም ቡድን ይበድላል፤ ሐርያና ላይ የሆነው ይኸው ነው። ከዚህ የምንማረው መመዘኛው ከማስታወቂያው በፊት መዘጋት እንዳለበት ነው። ፍርድ ቤት መሄድ መብት ነው፤ ግን ዐሥር ዓመት ዘግይቶ የሚመጣ ፍትሕ ለከሳሽም፣ ለተቀጣሪም፣ ለተማሪም ዋጋው ከባድ ነው።

ለምን ይህን ያህል መጨነቅ አስፈለገ የሚል ይኖራል። ስፖርት በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ የለም። ስለዚህ መምህሩ ሲጠፋ ክፍለ ጊዜው ትርፍ ጊዜ ላለው ለሌላ መምህር ይሰጣል፤ ወይም ልጆቹ ኳስ ተሰጥቷቸው ይለቀቃሉ። ይህ ልማድ መመዘኛውን ከማንኛውም መመሪያ በላይ ይሽረዋል። አንድ የበቃ መምህር ምን እንደሚያመጣ ለማየት ግን በቆጂን ማሰብ ይበቃል። በዚያች ከተማ የአንደኛ ደረጃ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የነበረው ሰንታየሁ እሸቱ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ከልጅነታቸው አሠልጥኗል። ሰሜን ሸዋም ከፍታውም፣ ብርዱም፣ የአበበ ታሪክም አለው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠችው ደብረ ብርሃን ልጆቿን የሚያይላት ባለሙያ ዓይን በየትምህርት ቤቱ ያስፈልጋታል።

ስለዚህ ለዞኑ፣ ለከተማ አስተዳደሩና ለወረዳዎቹ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የሚቀርብ ጥያቄ አለ። ከሚቀጥለው ቅጥር በፊት ለሰውነት ማጎልመሻ መምህርነት ተቀባይነት ያላቸውን የዲግሪና የዲፕሎማ ስሞች በሙሉ በአንድ ገጽ ዘርዝራችሁ አውጡ፤ ፒጂዲቲ ከቅጥር በፊት ወይም በኋላ እንደሚጠየቅ ጻፉ፤ ደብረ ብርሃንና ጎረቤላ ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። የተጣለ አመልካች ምክንያቱን በጽሑፍ ያግኝ። የምታመለክቱ ወጣቶችም የማስታወቂያውን ቅጂ፣ የተመዘገባችሁበትን ቀንና የተሰጣችሁን መልስ በእጃችሁ አስቀሩ፤ መልሱ በቃል ብቻ ከሆነ በማመልከቻ ጠይቃችሁ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ አድርጉ።