ስለ ፊደል ውፍረትና ስለ ስልክ ገጽ

በዚህ ዘመን ገንዘብ ለመላክም ሆነ ጉዳይ ለማስፈጸም ብዙ ሰው በስልኩ ገጽ የተጻፈውን አንብቦ ይወስናልና፥ የዛሬው ንግግራችን በዚያ ገጽ ላይ ስለሚሰፍረው ፊደል ውፍረት ይሆናል።

የብራና ጸሐፍት ጎላ ያለውን ጽሕፈት ጉልሕ፥ ቀጠን ያለውን ረቂቅ ይሉታል፤ የአምላክንና የቅዱሳንን ስም ደግሞ በቀይ ቀለም ይለያሉ። የኮምፒውተር ሥርዓትም ውፍረትን በቁጥር መድቦታል፤ ይኸውም 100 እጅግ ቀጭኑ፥ 400 መደበኛው፥ 700 ደማቁ፥ 900 እጅግ ወፍራሙ ነው።

ቀጭን ፊደል በቤት ውስጥ ሲያዩት ያምራል። ነገር ግን በየካ፥ መገናኛ ላይ ታክሲ የሚጠብቅ፥ ወይም ከፍታው ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው በእንጦጦ ተራራ ላይ በቀትር የቆመ ሰው፥ ፀሐይ በስልኩ መስተዋት ላይ ስታርፍ ቀጭኑን ፊደል ለማየት ይቸገራል። ስለዚህ ለዝርዝር ንባብ የሚሆነው ፊደል ከ400 ባያንስ ይመረጣል።

ውፍረትም ሲበዛ ጉዳት አለው። «ስሜ» የሚለው ቃል «ስሚ» ከሚለው የሚለየው በእግሩ ባለችው ትንሽ ቀለበት ነው። የተመረጠው የፊደል ዓይነት የራሱ ደማቅ ቅርጽ ከሌለው ኮምፒውተሩ መደበኛውን በግድ ያወፍረዋል፤ ያን ጊዜ ቀለበቲቱ ትደፈንና አንባቢው ይሳሳታል። ኒያላና አቢሲኒካ የተባሉት መደበኛ ውፍረት ብቻ ሲኖራቸው፥ ኤብሪማ መደበኛና ደማቅ አለው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ግን ከ100 እስከ 900 ዘጠኙንም ይዟል።

ሁሉም በሚጮኽበት ጉባኤ የማንም ቃል አይሰማም፤ ሁሉ በደመቀበት ገጽም እንዲሁ ነው። ገንዘብ በሚላክበት ገጽ ሊደምቁ የሚገባቸው የተቀባዩ ስምና የገንዘቡ ልክ ናቸው፤ የቀረው በመደበኛ ይጻፍ። በ400 እና በ500 መካከል ያለውን ልዩነት ዓይን በቀላሉ አያገኘውምና፥ 400ን ከ700 ጋር ማጣመር ይሻላል።

እንግዲህ የሶፍትዌር ሠሪዎቻችን ሥራቸውን ከማስረከባቸው በፊት ስልኩን ይዘው ወደ ደጅ ይውጡ፤ በፀሐይም ቆመው «ስሜ» እና «ስሚ» ተለይተው መነበባቸውን ይመርምሩ። በፊደል ስሕተት የሰው ገንዘብ ወደ ሌላ እጅ እንዳይገባ መጠንቀቅ የሙያቸው ግዴታ ነውና።