የአራዊትና የዕፅዋት ሥዕል በመማሪያ ክፍል ውስጥ

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወቅት ከመካከላችን አንዱ ሠልጣኝ በደጋ አገር በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ስለ ቀይ ቀበሮ ሊያስተምር ካርቶን ላይ የሣለውን ሥዕል ይዞ ገባ። ሥዕሉ ያማረ ነበር። ዳሩ ግን የተቀዳው ከውጭ አገር የተረት መጽሐፍ ነበርና ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ የእኛ ቀበሮ እኮ የጅራቱ ጫፍ ነጭ አይደለም፤ ጥቁር ነው» አለ። ክፍሉ ሣቀ። ለመታዘብ የገባነው ጓደኞቹም አብረን ሣቅን፤ ማታ ግን ነገሩ ሲያነጋግረን አመሸ።

ልጁ እውነቱን ነው። የስሜንና የባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮ የጅራቱ ሥር ነጭ፣ ጫፉ ጥቁር ነው፤ እግሩ ረዥም፣ አፉ ሾጣጣ ሲሆን ጉሮሮው ነጭ ነው። የአፉም መሾጠጥ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዋና ምግቡ ፍልፈልና የደጋ አይጥ ስለሆነ ከጉድጓድ ለማውጣት ይመቸዋል። የተረት መጽሐፉ ቀበሮ ግን ዶሮ ነክሶ የሚሮጥ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 እንደማይሞሉ ይገመታል፤ የእብድ ውሻ በሽታም ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል። ታዲያ የኛን ሥዕል ያየ እረኛ ልጅ ነገ ዱላ ቢያነሣበት ተጠያቂው ማነው?

የተሳሳተ ሥዕል ደግሞ ዕድሜው ረዥም ነው። በ1515 እ.ኤ.አ. የጀርመኑ ሠዓሊ አልብሬክት ዱረር ሊዝበን የገባውን የህንድ አውራሪስ በዓይኑ ሳያይ፣ ከደብዳቤና ከሌላ ሰው ንድፍ ተነሥቶ በእንጨት ቀርጾ አሳተመ። ቆዳውን እንደ ጦረኛ ጥሩር አደረገው፤ ትከሻው ላይም የሌለውን ትንሽ ቀንድ ጨመረለት። የአውሮፓ መጻሕፍት ይህንኑ ከ200 ዓመት በላይ ሲገለብጡ ኖሩ። ከመጽሐፍ መጽሐፍ መገልበጥ የሚያመጣው ጣጣ ይኸው ነው።

«እንግዲያው ፎቶግራፍ ብቻ ብንጠቀምስ?» የሚሉ አሉ። ፎቶግራፍ አይዋሽም ይባላል እንጂ የሚያሳየው አንዲት ቅጽበት ብቻ ነው። ጅብራን እንውሰድ። ይህ የደጋ ተክል ለብዙ ዓመታት ቅጠሉን ዘርግቶ ይኖርና አንድ ጊዜ ብቻ ከሰው ቁመት እጅግ የሚበልጥ የአበባ ዘንግ አውጥቶ ይሞታል። አንድ ፎቶግራፍ ወይ ቅጠሉን ወይ አበባውን ያሳያል፤ በእጅ የተሣለ ሥዕል ግን ችግኙን፣ ጎልማሳውን፣ ያበበውንና የደረቀውን በአንድ ወረቀት ጎን ለጎን ያቆማቸዋል። በ2009 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቁት የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጻሕፍትም ቅጠልና ፍሬን የሚያሳዩት በመስመር ሥዕል ነው። በዚያ ላይ የማባዣ ማሽናችን ጉዳይ አለ፤ በወንዱ ጭላዳ ደረት ላይ ያለው ቀይ ምልክት በማባዣ ሲያልፍ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ለዚህስ ባለ ቀለም ጠመኔ ይሻላል።

ስለ መጠንም አንድ ቃል፦ ዝሆንና ጥንቸል እኩል ገጽ ከያዙ ልጆች እኩል ይመስሏቸዋል። አጠገባቸው አንድ ሰው ሥሎ ማቆም ነው፤ አለቀ።

ከሥዕል ሥር ስም መጻፍን ብዙዎቻችን እንንቃለን። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1769 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን ሲመጣ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ተወላጅ ሠዓሊ አብሮት ነበር። ባሉጋኒ ብዙ ዕፅዋት ከሣለ በኋላ በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ። በ1790 የታተመው የብሩስ መጽሐፍ ኮሶን፣ እንሰትን፣ ቁልቋልንና ጤፍን በሥዕል ሲያሳይ የባሉጋኒን ድካም ግን ብሩስ ለራሱ አደረገው። እኛም የቀበሮውን ምንጭ ከሥሩ ጽፈን ቢሆን ኖሮ የሥዕሉን ባዕድነት የሚያይ አስተማሪ አይጠፋም ነበር።

ቀበሮው እንደገና ተሥሎ በመርጃ መሣሪያ ክፍል በር አጠገብ ተሰቅሏል። እግሩ አሁንም ጥቂት ያጠረ ይመስለናል። ከባሌም ሆነ ከስሜን መጥታችሁ እንስሳውን በዓይናችሁ ያያችሁ ሠልጣኞች፣ እርሳሱ እዚያው በክር ታስሯል፤ ያያችሁትን ስሕተት በኅዳጉ ላይ ጻፉልን።