ያውቁ ኖሯል? የተጠረገ ቤት፣ የሚናገር ወለል

ጣሪያው ወድቋል፣ ግድግዳው ፈርሷል፣ ባለቤቶቹም ዕቃቸውን ሸክፈው ከሄዱ ሺህ ዓመታት አልፈዋል። የቀረው ሲረግጡት የኖሩት አፈር ነው። ምግብ የት ይበስል፣ ከብት የት ያድር፣ ሰው የት ይተኛ እንደነበር የሚጠየቀውም እሱው ነው።

• የጥንት መንደርን በአፈር ምርመራ የማግኘት ዘዴ ከስኳር ምርት ጋር ተያይዞ የመጣ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ስዊድናዊው ኦሎፍ አሬኒየስ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ስኳር የሚወጣበት ሥራሥር ለሚመረትባቸው እርሻዎች የደቡብ ስዊድንን አፈር ይመረምሩ ነበር። ፎስፌት (የፎስፈረስ ውሁድ) የበዛባቸው ቦታዎች በጥንት ዘመን ሰው ከሰፈረባቸው ጋር እየገጠሙ አገኟቸው። አባታቸው ስቫንቴ አሬኒየስ እ.ኤ.አ. በ1903 በኬሚስትሪ የኖቤል ተሸላሚ ነበሩ።

• ፎስፈረስ የሰው መኖሪያን የሚያጋልጠው ለምን እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? ከሽንት፣ ከእበት፣ ከአጥንት፣ ከአመድና ከምግብ ትርፍራፊ ወደ መሬት ይገባል። ናይትሮጅንን ዝናብ አጥቦ ይወስደዋል። ፎስፈረስ ግን ከብረት፣ ከአሉሚኒየም ወይም ከካልሲየም ጋር ስለሚጣበቅ ብዙ ዘመን ቢያልፍም ካረፈበት እምብዛም አይርቅም።

• ፎስፌት መኖሩን ለማወቅ አንዳንዴ ቁንጥር አፈር እንደሚበቃ ያውቁ ኖሯል? አፈሩ ማጣሪያ ወረቀት ላይ ይደረግና ሁለት ዓይነት ኬሚካል ጠብ ጠብ ይደረግበታል። ፎስፌት ካለው ወረቀቱ በደቂቃዎች ውስጥ ሰማያዊ ይሆናል፤ ቀለሙ በደመቀ መጠን ፎስፌቱም በዝቷል ማለት ነው። ቁርጡ መጠን ግን በቤተ ሙከራ ይለካል።

• የአፈር ባለሙያዎች ወለልን እንደ ዳቦ ቆርጠው እንደሚያዩት ያውቁ ኖሯል? አፈሩ ሳይፈርስ በጥርብ መልክ ይወጣል፣ በሙጫ ይደርቃል፣ ከዚያም ውፍረቱ 0.03 ሚሊሜትር እስኪሆን ይሞረዳል። ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ልጥ ሲሆን ማይክሮስኮፕ ሥር ይገባል። አፈርን በዚህ መንገድ የማጥናት ሙያ መሠረት የጣሉት ኦስትሪያዊው ቫልተር ኩቢዬና ሲሆኑ፣ መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ1938 ታትሟል።

• ዘጠኝ ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የቤት ውስጥ መደብ መኖሩን ያውቁ ኖሯል? በቱርክ፣ በኮንያ ሜዳ ላይ በሚገኘው በቻታልሁዩክ ቤቶቹ ተጣብቀው የተሠሩ ስለነበሩ ሰው የሚገባው በጣሪያ ቀዳዳ፣ በመሰላል ወርዶ ነበር። ምድጃው አብዛኛውን ጊዜ ከመሰላሉ ሥር፣ በደቡብ በኩል ነው። እዚያ ያለው ወለል በማይክሮስኮፕ ሲታይ አመድ፣ የከሰል ፍርፋሪና ከምድጃ የተጠረገ ጉድፍ ተደራርቦበታል። በሰሜን በኩል ያለው ከፍ ያለ መደብ ግን በንጹሕ ነጭ ልስን ላይ ሌላ ነጭ ልስን የተደረበበት ነው። ከመደቡ ሥር ሙታን ይቀበሩ ነበር። በአንዳንድ ግድግዳዎች ላይ በመቶ የሚቆጠር የልስን ድርብርብ ተገኝቷል። ማጀትና ክብር ያለው መቀመጫ አንድ ክፍል ውስጥ ተለይተው እንደነበር አፈሩ መስክሯል።

• በግ፣ ፍየልና ከብት በእበታቸው ውስጥ ማኅተም ትተው እንደሚሄዱ ያውቁ ኖሯል? ሣር ሲፈጭ በአንጀታቸው ውስጥ ክብ የካልሲየም ካርቦኔት ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። አብዛኞቹ ከ0.02 ሚሊሜትር አይበልጡም። እነዚህ በወለል አፈር ውስጥ በብዛት ከተገኙ በረት ወይም ጋጣ ይጠረጠራል። አሲዳማ አፈር ግን ያሟሟቸዋልና አለመገኘታቸው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

• መገኘታቸውም ቢሆን ሊያሳስት እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? ወለል በእበት መለቅለቅ ለእኛ የታወቀ ሙያ ነው። ከሺህ ዓመት በኋላ ቆፋሪ መጥቶ የእበት ምልክት ቢያገኝ «እዚህ ከብት ያድር ነበር» ሊል ይችላል፤ ቤቱ ግን ለበዓል ተለቅልቆ እንግዳ የተቀበለ ነው። የሚለያቸው አደራረባቸው ነው። በጋጣ ውስጥ ጭድና እበት እየተረገጠ በወፍራሙ ይጋገራል። ልቅልቅ ግን ከአፈር ጋር የተቦካ፣ ስስና እኩል ሽፋን ነው።

• አመድ ያለበት ቦታ ሁሉ ምድጃ እንዳልሆነ ያውቁ ኖሯል? በአይስላንድ፣ ትቬራ በተባለ ቦታ ከሣራማ የአፈር ጥርብ የተሠሩ የቆዩ ቤቶች ሲጠኑ፣ ነዋሪዎቹ እርጥበትና ሽታ ለማጥፋት አመድ ሆን ብለው ወለል ላይ ይበትኑ እንደነበር ታወቀ። አመዱ የሚነግረን የእሳቱን ቦታ ሳይሆን የባለቤቶቹን የጽዳት ልማድ ነው።

• እንግሊዞች የጥንት ቤት አስመስለው ሠርተው ወለሉን እንደመረመሩ ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. በ1972 በተቋቋመው የበትሰር የሙከራ እርሻ ውስጥ ሰው የሚመላለስበት ወለል አቧራማ፣ የተደቆሰና ከሰል የተቀላቀለበት ሆኖ ተገኘ። የጋጣው ወለል በአንጻሩ በፎስፌት የጠነከረ የእበት ቅርፊት ይዞ ነበር። የጥንቱን ለማንበብ በአሁኑ ተለማመዱ ማለት ነው።

• የቀጥቃጭን ቤት በማግኔት መለየት እንደሚቻል ያውቁ ኖሯል? የጋለ ብረት ሲመታ ደቃቅ ቅርፊት ይፈናጠራል። ሠሪው መሣሪያውን ይዞ ቢሄድ ይህን ለቅሞ አይጨርሰውም። በወለሉ አፈር ላይ ማግኔት ሲያልፍ ቅንጣቶቹ ይለጠፉበታል፤ በብዛት የተገኙበት ቦታም መስፉ የቆመበትን አቅራቢያ ይጠቁማል።

• ገበያም ከአፈር ሊታወቅ እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? በሜክሲኮ፣ ቹንቹክሚል በተባለ የማያዎች ጥንታዊ ከተማ መሐል አንድ ሰፊ ባዶ ሜዳ ነበር። ተመራማሪዎች አፈሩን በጓቲማላ፣ አንቲጓ ውስጥ ካለ የዘመናችን ገበያ አፈር ጋር አስተያዩት። ፎስፈረሱ ምግብ በሚሸጥበት መደዳ እንደሚደረደር ሁሉ በሜዳውም በመስመር ተደርድሮ ተገኘ፤ ሜዳው ገበያ ነበር የሚለው ግምትም ጠነከረ።

• ይህ ሁሉ መረጃ በአንድ አካፋ ሊጠፋ እንደሚችልስ ያውቁ ኖሯል? የተሰበረ ገንቦ ተገጣጥሞ ይጠገናል። ከቦታው የተነሣ የወለል አፈር ግን ድርብርቡ ከፈረሰ ተመልሶ አይገጥምም። እንግዲህ በአካባቢዎ የፍርስራሽ ጉብታ ካለ ሸክላ ፍለጋ አይቆፍሩት፣ ለግንባታ የሚሆን አፈርም አይዛቁበት። ለቅርስ ባለሙያዎች ያሳውቁ፤ አፈሩን ግን እንዳለ ይተዉት።