«መጋኛ ነው» ተብሎ የሚባክነው ሰዓት

አንድ አርሶ አደር ማለዳ በሬዎቹን ጠምዶ ሲያርስ እርፍ የጨበጠው እጁ በድንገት ይከዳዋል። ሰው ለመጥራት ሲሞክር አንደበቱ ይተሳሰራል፤ አፉም ወደ አንድ ጎን ይጣመማል። ቤተሰቡ ብዙ ጊዜ ለዚህ የሚሰጠው ስም «መጋኛ» ወይም «ምች» ነው። ዳማከሴ ይጨመቃል፤ ሕመምተኛው ተሸፋፍኖ ይተኛል፤ እስኪነጋም ይጠበቃል። ይህ ግን ስትሮክ የሚባለው የአንጎል ሕመም ነው፤ እስኪነጋ አይታገሥም።

ስትሮክ የሚከሰተው ለአንጎል ደም የሚያደርሰው ቧንቧ በረጋ ደም ሲደፈን ወይም ፈንድቶ ደም ሲፈስ ነው። የመስኖ ቦይ በደለል ሲሞላ ወይም ሲሰበር ማሳው ውኃ እንደሚያጣ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ማሳ ቀናትን ሲታገሥ አንጎል ደቂቃዎችን ብቻ መታገሡ ነው። ትልቅ የአንጎል ደም ቧንቧ ሲደፈን በየደቂቃው ወደ 1 ነጥብ 9 ሚሊዮን የነርቭ ሕዋሳት እንደሚሞቱ ተመራማሪዎች አስልተዋል።

ምልክቱን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። ሰውየው ፈገግ እንዲል፣ ሁለት እጆቹን እንዲያነሣና አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲናገር ይጠየቅ። የፊቱ አንድ ወገን ከወደቀ፣ አንዱ እጁ ዝቅ ካለ ወይም ንግግሩ ከተኮላተፈ፣ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ቢታይም በአስቸኳይ ወደ ሕክምና መወሰድ አለበት። ድንገተኛ የዓይን መጋረድ፣ ሚዛን መሳትና ከዚህ በፊት ያልታየ ከባድ ራስ ምታትም ከምልክቶቹ ናቸው። ምልክቱ በደቂቃዎች ቢጠፋ እንኳ «ተሻለው» ተብሎ አይታለፍም፤ ዋናው ስትሮክ በቀጣዮቹ ቀናት፣ በተለይም በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ሊከተል ይችላል።

ሐኪም በመሣሪያ የማያገኘው አንድ መረጃ አለ፤ ሰዓቱ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። የሚቆጠረውም ሰውየው ደህና ሆኖ ከታየበት የመጨረሻ ሰዓት ነው፤ ሕመሙ ይዞት ከነቃ ደግሞ ከተኛበት። የእጅ ሰዓት ባይኖር «ከብት ሲሰማራ ደህና ነበር» ማለትም ይጠቅማል።

መድኃኒቱ የሚሰጠው በሲቲ ስካን ምርመራ ደም አለመፍሰሱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ለተደፈነው ቧንቧ የሚበጀው ለፈነዳው አደገኛ ነውና፣ በቤት ውስጥ አስፕሪን መስጠትም አይገባም። እርግጥ መድኃኒቱ በሁሉም ሆስፒታል አይገኝም፤ ከሩቅ ቀበሌ ተነሥቶ በሰዓቱ መድረስም ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ቀድሞ የደረሰ ሕመምተኛ የደም ግፊቱና ስኳሩ ክትትል ያገኛል፤ ከትንታና ከሳንባ ምችም ይጠበቃል።

ትንታው የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከቤት ነው። በስትሮክ የተመታ ሰው መዋጥ ሊሳነው ስለሚችል ውኃም፣ ወተትም፣ የዳማከሴ ጭማቂም በአፉ አይሰጠው። የደከመውን በጎኑ አስተኝቶ፣ በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በኩል የወረዳውን አምቡላንስ መጥራት፣ ካልተገኘም በባጃጅ ወይም በቃሬዛ መውሰድ ይገባል።

ዋነኛው አጋላጭ የደም ግፊት ነው። «የከተማ ሰው በሽታ ነው» የሚለው አባባል ብዙ አርሶ አደሮችን አዘናግቷል። ስኳር በሽታ፣ የልብ ሕመም፣ ትምባሆና አልኮልም ያጋልጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ጨው ይመክራል፤ በወጡ፣ በበርበሬውና በአንዳንድ አካባቢ በቡናው የሚገባው ተደምሮ ማለት ነው። ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም። በጤና ጣቢያ በተደጋጋሚ ሲለካ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ክትትል ይጀመራል። የታዘዘው ኪኒን «አሁን ደህና ነኝ» ተብሎ አይቋረጥም፤ ደህንነቱ የመጣው በኪኒኑ ነውና።