ውኃዋን የምትበላ እንስሳ

ድመት የሚያሳድግ ሰው ሱቅ ገብቶ መደርደሪያው ፊት ይቆማል። በከረጢት ያለው ደረቁ ይሻላል ወይስ በቆርቆሮ የታሸገው እርጥቡ? ዋጋውን ያያል፣ ሽታውን ያስባል፣ ደረቁን አንሥቶ ይወጣል። ውኃን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

የነገሩ ቁልፍ ግን ውኃ ነው። የቤት ድመት ዘሯ የሚመዘዘው ከአፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት ነው። ያቺ የደረቅ ምድር አዳኝ አብዛኛውን ውኃ የምታገኘው ከምትበላው ነው፤ የአይጥ ገላ 70 በመቶ ያህሉ ውኃ ነውና። ኩላሊቷም ሽንቷን አወፍሮ ውኃ ይቆጥብላታል። ይህን የመሰለ ድንቅ ተፈጥሮ ታድላ ሳለ የጥማት ስሜቷ ደካማ ነው፤ ደረቅ ብቻ የሚሰጣት ድመት የጎደላትን ጠጥታ አትሞላም።

ስሌቱ ይኸው። 4 ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ውኃ ያስፈልጋታል። ደረቅ ምግብ 10 በመቶ ያህል ውኃ ስላለው፣ 60 ግራም ብትበላ የምታገኘው 6 ሚሊ ሊትር ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። እርጥቡ ከ75 በመቶ በላይ ውኃ ነው፤ 250 ግራም ብትበላ 190 ሚሊ ሊትር ገደማ ታገኛለች።

«ውኃ አስቀምጬላት የለም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ደረቅ የምትበላ ድመት ቶሎ ቶሎ ትጠጣለች። ቢደመር ግን እርጥብ የምትበላዋ ወደ ሰውነቷ ከምታስገባው ያንሳል።

ደረቁም ግን ጥቅም አለው፦ ሳህን ላይ ቢውል ቶሎ አይበላሽም፤ ዋጋውም ይቀላል። ጥርስ ያጸዳል የሚባለው ለጥርስ ተብሎ ከተሠራው በቀር የተጋነነ ነው።

በብዙ የኢትዮጵያ ቤቶች የድመት ድርሻ ትራፊ ነው፤ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይጠፋል። ወጥ ውስጥ ያለው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቀይ የደም ሴሎቿን ያፈርሳል። ጾም ሲገባ ደግሞ ሽሮ ፍትፍት ብቻ የሚቀርብላት አለች። ድመት ያለ ሥጋ አትኖርም። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ አያመርተውም፣ አትክልትና ጥራጥሬም አይሰጣትም። በ1987 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ፖል ፒዮንና ባልደረቦቹ ይህ ሲጎድል የድመት ልብ እንደሚለጠጥና እንደሚደክም አሳይተዋል። ጉድለቱ ዓይኗንም ያጠፋል።

አቅም ካለ እርጥቡ ይሻላል። ከሌለ ደረቁን በለብ ያለ ውኃ አርሶ መስጠትና የተረፈውን ሳይቆይ ማንሣት ነው።

ወንድ ድመት ያለው ሰው ደግሞ ይህን ይያዝ፦ ድመቱ አሸዋው ላይ ደጋግሞ እያማጠ ሽንት እምቢ ካለው ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ነገ አይባልም፤ በዚያው ዕለት ወደ እንስሳት ሐኪም ይወሰድ።