ሃይስ ቤት ሲሆን

ተዋሂ የአደን ወደብ ደጃፍ ናት። እንግሊዞች ስቲመር ፖይንት ብለው በሚጠሯት ዘመን፣ ከአውሮፓ ወደ ህንድና ወደ ሩቅ ምሥራቅ የሚጓዙ የእንፋሎት መርከቦች ከፊቷ መልሕቅ ጥለው ከሰልና ውሃ ይጭኑ ነበር። መርከቡ እስኪሞላ ድረስ መንገደኛው በጀልባ ወርዶ፣ በዌልስ ልዑል ስም በተጠራው የወደብ መድረክ በኩል አልፎ ገበያ ይገባል። አደን ከ1850 ጀምሮ ነፃ ወደብ ስለነበረች ዕቃው ቀረጥ አልነበረበትም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሸመታው ሲያበቃ መንገደኛው ወደ ካቢኑ ይመለሳል። ካቢኗ እጅ ሲዘረጋ ግድግዳ የሚነካባት ጠባብ ክፍል ናት። አልጋዋ ከግድግዳው ጋር የተሠራ ነው፤ ማዕበል ሲነሳ እንዳይከፈት የቁም ሳጥኗ በር መቀርቀሪያ አለው፤ ከአልጋው ሥር ያለው ባዶ ቦታም ሻንጣ ይውጣል።

አሮጌ መኪናን ቤት አድርጎ ለማደስ የሚነሳ ሰው ዛሬም የሚሠራው ያችኑ ካቢን ነው። ባሕሩ አስፋልት ይሆናል እንጂ ጥበቡ አልተለወጠም።

1967 ለተዋሂ ክፉ ዓመት ነበር። በሰኔ የስዊዝ ቦይ ተዘጋና ስምንት ዓመት ሳይከፈት ቆየ፤ በኅዳር ማብቂያ የመጨረሻዎቹ የእንግሊዝ ወታደሮች አደንን ለቀው ወጡ። የመርከቡ ጎርፍ ቀነሰ። በዚያው ዓመት ጃፓን ውስጥ ቶዮታ አንድ ሳጥን የመሰለ መኪና ገበያ ላይ አወጣ፤ ስሙ ሃይስ። ያ መኪና ከጊዜ በኋላ በቀይ ባሕር ወዲህም ወዲያም የሕዝብ እግር ሆነ። አደን ውስጥ ከተዋሂ ወደ መዓላና ወደ ክሬተር ሰው ያመላልሳል፤ አዲስ አበባ ላይ ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ ከፒያሳ ሜክሲኮ፣ ከመገናኛ ቦሌ ይሮጣል። እኛ ደግሞ እንደ ልጅ ስም አወጣንለት፦ አባዱላ፣ ዶልፊን፣ ሃይሩፍ።

ሃይስ ለቤትነት የሚመረጠው በአሠራሩ ነው። ሞተሩ ከፊት ወንበሮች ሥር ስለተቀመጠ አፍንጫ የለውም ማለት ይቻላል፤ ከሹፌሩ ጀርባ እስከ ኋላ በር ያለው ርዝመት ሁሉ ለሰው ይተርፋል። ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ ወለሉ ጠፍጣፋ ነው። የኋላ ባሌስትራው ጭነት የለመደ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ መለዋወጫው ገጠር ከተማ ድረስ ይገኛል። ጀርመን አገር ዌስትፋልያ የተባለው ድርጅት ከ1951 ጀምሮ የቮልስዋገንን ኮምቢ አልጋና ቁም ሳጥን እየገጠመ የሽርሽር ቤት ሲያደርገው ያየውም ይህንኑ ሳጥንነቱን ነው። ከዚያ በፊትም እንግሊዝ አገር ጎርደን ስቴብልስ የተባለ የባሕር ኃይል ሐኪም በ1885 በሁለት ፈረስ የሚጎተት ቤት አሠርቶ «ተቅበዝባዡ» የሚል ስም ሰጥቶት ነበር።

ለሐበሻ ግን ነገሩ ከዚያም ይቀድማል። «ከተማ» የምንለው ቃል «ከተመ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው፤ ሠፈረ፣ ድንኳን ተከለ ማለት ነው። ፋሲለደስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደርን መቀመጫው እስኪያደርጋት ድረስ የነገሥታቱ ዋና ከተማ ለረጅም ዘመን በበቅሎ የሚጫን ሠፈር ነበር። ወደ እኛ ዘመን ስንቀርብ ደግሞ የጭነት መኪና ሹፌሮች አሉ። በአገራችን «ትሬንታ ኳትሮ» እየተባለ የሚታወሰው ፊያት 634 በ1930ዎቹ የተሠራ ሲሆን፣ መኝታ ያለው ካቢን ከነበራቸው የመጀመሪያዎቹ የጣሊያን ከባድ መኪኖች አንዱ ነው። ከእሱ በኋላ «ኤንትሬ» የተባለው የጭነት መኪና መጣ። በአሰብ መንገድ ሹፌሩ ካቢኑ ውስጥ፣ ረዳቱ ሸራው ላይ አድረዋል፤ ስቶቭና ጀሪካን ከመኪናው አይለዩም ነበር። ተንቀሳቃሽ ቤት ለእኛ የፈረንጅ ቅንጦት ነው የሚለው አባባል፣ በዚህ ጸሐፊ ግምት፣ እነዚህን ሰዎች ይረሳል።

እንግዲህ ታክሲነቱን የጨረሰ አሮጌ ሃይስ ተገኘ እንበል። ገንዘቡ ጥቂት ነው። የመጀመሪያዋ ብር የት ትሂድ?

ብዙ ሰው አልጋውና መጋረጃው ላይ ያውላታል። ስሕተቱ የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው። የአሮጌ መኪና የመጀመሪያ ጠላት ዝገት ነው፣ የዝገት እናት ደግሞ ውሃ ናት። እንደ ተዋሂ ባለ የባሕር ዳር ሠፈር ነገሩ ይብሳል፤ ከባሕሩ የሚነሳው ጨዋማ እርጥበት ዝናብ ሳይዘንብ እንኳ ላሜራ ላይ ያርፋል፣ ጨው ያለበት ውሃም ብረትን ከንጹሕ ውሃ ይልቅ ፈጥኖ ይበላል። ደጋው አገር ጨው ባይኖርም የክረምት ዝናብና የከፍታ ፀሐይ አለ። ፀሐዩ የመስኮት ጎማን ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል፤ ሐምሌ ሲገባ ውሃው በስንጥቁ ሾልኮ ወለል ምንጣፍ ሥር ይተኛል። የታክሲ ወለል ደግሞ ዓመታት ሙሉ እርጥብ ጫማ ሲረግጠው የኖረ ነው።

ስለዚህ ሲገዙ ምንጣፉን አስነስቶ ማየት ግድ ነው። ተንሸራታቹ በር ሥር ያለው ደረጃ፣ የጎማ ቤቱ ጠርዝ፣ የጣሪያው አሸንዳ፣ የመስኮቶቹ ታችኛ ጥግ፤ ዝገት የሚደበቀው እነዚህ ላይ ነው። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ አካሉ ላይ ማስኬድ ርካሹ ምርመራ ነው፤ ማግኔቱ መያዝ ካቆመ ከቀለሙ ሥር ያለው ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ ነው። ስቱኮ ጎድጓዳ ለመሙላት ይሆናል፣ ቀዳዳ ለመድፈን ግን አይሆንም። የዛገው ላሜራ ንጹሕ ብረት እስኪገኝ ተቆርጦ መውጣት፣ አዲስ መበየድ፣ ከዚያ አንቲረስት መቀባት አለበት። በያጁ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የባትሪው ገመድ ይፈታ፤ በአቅራቢያው ያለ ስፖንጅና ጨርቅም ይውጣ፣ ከግድግዳ ጀርባ የተያዘ እሳት ዘግይቶ ነው የሚታየው።

ሁለተኛዋ ብር ወደ ሞተርና ፍሬን ትሄዳለች። በአገራችን ብዙዎቹ ናፍጣ ሃይሶች 2.8 ሊትር የሆነውን 3ኤል ወይም 3 ሊትር የሆነውን 5ኤል ሞተር የያዙ ናቸው። ሁለቱም ጠንካሮች ናቸው፣ ግን የታይሚንግ ቺንጋ አላቸው። ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ የሚናገር ወረቀት ከሌለ እንዳልተቀየረ ቆጥሮ ማስቀየር ይሻላል፤ መንገድ ላይ ቢበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተን ጋር ይጋጫሉ፣ ወጪውም የመኪናውን ግማሽ ዋጋ ሊጠይቅ ይችላል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ይለወጣል፤ ይህን ችላ ብሎ የዓባይን በረሃ ቁልቁለት መውረድ ነፍስን ማስያዝ ነው። ጎማ ላይ ጥርሱ ብቻ አይታይም። በጎኑ ላይ ያሉት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፦ 2319 ከሆነ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ቆሞ የኖረ መኪና ጥርሱ ያልተበላ፣ ጎማው ግን ያረጀ ሊሆን ይችላል።

አዲስ አበባ ለዚህ ሥራ የታደለች ከተማ ናት። መርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ መለዋወጫ አለ፤ በር፣ መስታወት፣ መብራት፣ ሙሉ ሞተር ሳይቀር። ምናለሽ ተራ ደግሞ ሌላው የጣለው ቆርቆሮና በርሜል ምድጃና ሳጥን ሆኖ ይወጣል፤ ለሃይሱ የሚሆን የውሃ ጋን ማቀፊያ ወይም የጣሪያ መደርደሪያ በልክ ማስቀጥቀጥ ይቻላል። አይሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የአውቶቡስ አካል ሠርተው «ቅጥቅጥ» የተባለውን መኪና ያወጡልን ቀጥቃጮችና በያጆች ያሉበት አገር ነው። የሙያው ቋንቋም ከጣሊያን ጋራዥ የተወረሰ ነው፦ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኮፋኖ፣ ቼርኪ። የዚህን ቃል ትርጉም የሚያውቅ ባለቤት ገንዘቡ የት እንደሄደ ያውቃል፤ የማያውቅ ደግሞ ከባለሙያው ጎን ቆሞ ይማር።

ውሃ መከላከሉ በእርግጥ እንደሠራ የሚታወቀው አንድ ሰው ውስጥ በባትሪ መብራት ጥጋጥጉን ሲፈትሽ፣ ሌላው ውጭ ሆኖ በላስቲክ ቱቦ ጣሪያውንና መስኮቱን ሲያጥብ ነው። ይህ ፈተና ከግድግዳ ሽፋን በፊት መደረግ አለበት። በኮምፔንሳቶ ከተሸፈነ በኋላ የሚገባ ውሃ ሽታው እስኪወጣ አይታወቅም።

ከዚያ የሙቀት መከላከያ ይመጣል። ባዶ ላሜራ በአደን ቀትር ምጣድ፣ በደብረ ብርሃን ሌሊት በረዶ ነው። ከውጭ ከሚመጣው ውሃ ሌላ ደግሞ ከውስጥ የሚመነጭ አለ፤ የተኛ ሰው በትንፋሹና በላቡ የሚያወጣው እርጥበት ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ጠብ ጠብ ይላል፣ ያም ያዝገዋል። በሌላው ዓለም ካምፐር ሠሪዎች ከሚወዷቸው መከላከያዎች አንዱ የበግ ሱፍ ነው፤ ጥቂት ቢረጥብም ሙቀት መያዙን አይተውም። ለእኛ ይህ እንግዳ ትምህርት አይደለም። የመንዝ ሰው ባና ለብሶ ብርድን ሲረታ የኖረው በዚሁ ሱፍ ነው። ያረጀ ባና ታጥቦ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ ብል እንዳይገባው ተጠብቆ ከግድግዳው ሽፋን ጀርባ ቢገባ ከፋብሪካ ዕቃ ጋር የሚወዳደር ሥራ ይሠራል። ያም ሆኖ ጣሪያው ላይ አየር ማስወጫ፣ ከታች ማስገቢያ ካልተተወ ሱፉም ይበሰብሳል።

አልጋ፣ ወንበርና ቁም ሳጥን የመርከቧን ካቢን ሕግ ይከተላሉ። አንድ ዕቃ አንድ ሥራ ብቻ ከሠራ ቦታ በልቷል። ቀን መቀመጫ የሆነው ማታ አልጋ ይሁን፣ ሥሩ ደግሞ ማከማቻ። የሚያታልለው ክብደቱ ነው። ባለ 18 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ አንዱ ሉህ 30 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፤ ባለ 9ኙ ግማሹን ነው፣ ለመሳቢያና ለበርም ይበቃል። የፎቁ አናጢ የለመደው ከባድ እንጨት እዚህ አይፈለግም። መዝጊያዎቹ ሁሉ መቀርቀሪያ ይኑራቸው፤ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ስኒው ወለል ላይ እንዳይዘረገፍ።

መብራቱን ከሞተሩ ባትሪ መውሰድ ጠዋት መኪና ማስገፋት ነው። ለቤቱ ሁለተኛ ባትሪ ይገባል፤ ሞተር ሲነሳ ብቻ ከመጀመሪያው ጋር የሚያገናኝ ሬሌይ አለ፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ በወረቀት 1200 ዋት ሰዓት ይይዛል፣ ተራው የአሲድ ባትሪ ግን ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በላይ ባይወሰድበት ጥሩ ነው፤ ስለዚህ 600 ይተርፋል። አራት አምፖልና ስልክ ለመሙላት ከበቂ በላይ ነው፤ ፍሪጅ ከተጨመረ ግን ቆላ ላይ በአንድ ቀን ሊጨርሰው ይችላል። በአገራችን ፀሐይ አንድ ባለ 100 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ በጠራ ቀን 400 ያህሉን ይመልሳል። አንድ ነገር ግን ለድርድር አይቀርብም፦ ፊውዝ፣ እሱም ከባትሪው አጠገብ። ገመድ በላሜራ ጠርዝ ተልጦ ቢነካካ እሳት ከመነሳቱ በፊት የሚቆርጠው እሱ ብቻ ነው።

ስለ እሳት ከተነሳ፣ ከሰል መኪና ውስጥ አይገባም። ቡናው ደጅ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ይፈላ። የከሰል ጭስ የማይሸት፣ የማይታይ መርዝ አለው፣ በጠባብ ቦታ ተኝተው የቀሩ ቤተሰቦች ለቅሶ በየክረምቱ የምንሰማው ነው። የቡታጋዝ ጋዝም ከአየር ስለሚከብድ ሾልኮ ወለል ላይ ይጠራቀማል፤ ሲሊንደሩ የሚቀመጥበት ሳጥን ከሥሩ ወደ ውጭ የሚያወጣ ቀዳዳ ያስፈልገዋል፣ ቀዳዳውም ብርድ ሲመጣ አይደፈንም።

እንዲህ ያሉ ቤቶችን አዲስ አበባ ከውጭ ሲመጡ አይታለች። ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚነዱ መንገደኞች ለገሃር አካባቢ በነበረው ሆላንድ ሃውስ ግቢ መኪናቸውን አቁመው ያድሩ ነበር፤ ጥገናቸውንም እዚሁ አስጨርሰው ወደ ሞያሌ ይወርዱ ነበር። አሁን ደግሞ የራሳችን አሮጌ መኪናዎች የሚጠበቁበት ሌላ ምክንያት ተጨምሯል። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታውቋል። በእጅ ያለ አሮጌ መኪና በቀላሉ አይተካም።

ሁሉ ከተሠራ በኋላ ሊብሬው ይወጣል። የወንበር ቁጥርና የመኪናው አገልግሎት ሲለወጥ ለመንገድ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት አስታውቆ ማስመዝገብ ይገባል፣ አለዚያ የዓመቱ ቦሎ ምርመራ ላይ ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም። መኪናውም ይመዘናል፦ ጀሪካኖቹ ውሃ ሞልተው፣ ሲሊንደሩና አልጋ ልብሱ ተጭኖ፣ ተጓዦቹም ውስጥ ተቀምጠው። የጭነት መኪና ሚዛን ላይ የሚወጣው ቁጥር ሊብሬው ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ክብደት ጋር ይነጻጸራል። በልጦ ከተገኘ የመጀመሪያው የሚወርደው ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ የሚኮራበት ያ ወፍራሙ ቁም ሳጥን ነው።